ገበያ የማይወጣ ስም

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ እውነቱን ተናግሬ የሰውን ፊት ማየት እወዳለሁ። «የዱር ዳክዬ ኩስ እለቅማለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ያዝንልኝና ወሬ ይቀይራል። አሶሳ ላይ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የምሠራ፣ ነጭ ጋዋን የምለብስ፣ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩ ሴት መሆኔን ስጨምርበት ጭራሽ የማሾፍ ይመስለዋል። እያሾፍኩ አይደለም። ኩስ መልቀም ሙያ ነው፤ በዚህ ሙያ ከኔ የሚበልጥ ካለ ይምጣና ዳቡስ ዳር እንተያይ።

ዳቡስ የኛ ወንዝ ነው። ከባምባሲ ወዲያ ሜዳው ላይ ተንጣሎ ረግረግ ይሆንና ከዚያ ዓባይን ፍለጋ ይሄዳል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከሣሩ ላይ መሸሽ ሲጀምር ዳር ዳሩ በዳክዬ ይሞላል። ከፊሎቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው አይርቁም፣ ሲበሩም ያፏጫሉ። ከፊሎቹ እንግዶች ናቸው፤ ሰሜኑ አገር ሲበርድባቸው ባሕርና በረሃ አቋርጠው ይመጣሉ። ባለአገሩና እንግዳው አንድ ደለል ላይ አብረው ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ይበራሉ። ያን ጊዜ እኔ ቦቲዬን አጥልቄ እወርዳለሁ።

ትኩስ ኩስ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ካገኘው አለቀለት፣ የምፈልገው ነገር ውስጡ ይሞታል። ስለዚህ መፍጠን አለብኝ፣ ግን ደግሞ የአንዷን ዳክዬ ሁለቴ እንዳላነሳ አራርቄ መምረጥ አለብኝ። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበትን ዘንግ ነካ አደርገውና ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ክዳኑን ጠበቅ፣ ከዚያ በረዶ ወደሞላው ሳጥን። ጎንበስ ቀናው ወገብ ይቆርጣል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ዳቡስ ዳር ከኔ በስተቀር የሚያዝ የለም።

የምፈልገው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን ነው። የዱር ዳክዬ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ዳክዬዋን ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርጋትም፤ ትበላለች፣ ትዋኛለች፣ ትበራለች። ወደ ዶሮ ሲሻገር አንዳንዱ ዝም ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን ፈንግል ምን አለበት እስኪባል ድረስ ቆጡን ያራቁታል። ተንኮሉ ያለው ዘሩ ላይ ነው። የዘር መልእክቱ ባንድ ክር ላይ የተጻፈ አይደለም፣ ስምንት ቦታ ተቆራርጦ ነው የሚኖረው። ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንዲት ዳክዬ ውስጥ ከተገናኘ ቁራጭ ይለዋወጣል። ሁለት እህትማማቾች የአንገት ዶቃቸውን በጥሰው ቀላቅለው ቢሰኩት ከሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ዶቃ እንደሚወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ራሱን በገለበጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል። የአምናው የዘንድሮው አይደለም። በየዓመቱ ያላየ ሰው ምን እንግዳ ቤቱ እንደገባ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት መሀል አገር በተላክሁበት ሥልጠና ነው። አሠልጣኛችን የዘር መልእክቱን በመሣሪያ የምታነብ፣ ናሙና ከየቦታው የሚላክበት የአገሪቱ ማዕከል ባለሙያ ነበረች፤ በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በዕውቀት ግን አልደርስባትም። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የቫይረሶችን ስም ዝርዝር አበራችልን። ስም አወጣጡ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ ወፏ፣ ቀጥሎ ቦታው፣ ከዚያ ቁጥሩና ዓመቱ። የሚጻፈው ቦታ ወፏ የተፈለፈለችበት ሳይሆን ናሙናው የተነሳበት ነው። እሷ ስለ ስምንቱ ቁራጮች ስታስረዳ እኔ ዓይኔን ተክዬ የቦታ ስም እፈልግ ነበር። ግብፅ አለ። ኔዘርላንድ አለ። ሆንግ ኮንግ አለ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ሐይቅ ሁሉ አለ። የኛ የለም። እነዚያው ዳክዬዎች እኛ ዘንድ መጥተው እንደሚከርሙ አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን ያያቸው ሰው የለም። ቅናት ያዘኝ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነው። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ የኛም ይጻፋል አልኩ።

ከዚያ ለሻይ ወጣን፤ አንዱ ሠልጣኝ «አገርሽ የት ነው?» አለኝ። «ምዕራብ» አልኩት። «ምዕራብ የት?» «ወዲያ፣ ከወለጋ አለፍ ብሎ።» ያኔ የክልላችን ስም በዜና የሚነሳው ከሞት ጋር ብቻ ነበር። ግድያው የነበረባቸው ድባጤና ቡለን ከዓባይ ማዶ ናቸው፤ ከአሶሳ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ አገር መዞር ነው። ይሁን እንጂ ስሙን አንዴ ከጠራሁ ሰው ራሱን ይነቀንቅና «እናንተ ጋ እንዴት ነው? ሰላም ነው?» ይለኛል። በአዘኔታ መታየት ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስማችን ግድግዳ ላይ ይጻፋል ያልኩ ሰው ራሴ ልጠራው አልቻልኩም።

አሶሳ ተመለስኩና ሥራ ጀመርን። ዳክዬዎቹ በብዛት የሚያድሩት ከእናቴ መንደር በታች ነው፤ ማሽላው እርሻ አልቆ ደለሉ ከሚጀምርበት ቦታ። መንደሩ የበርታ መንደር ነው፤ ቤቱ ቀርከሃ፣ ጥላው ማንጎ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ሳያውቅ እዚያ ዳር የሚወርድ ሰው የለም። ከሾፌራችን ጋር ሄድን። ሾፌራችን በደርግ ጊዜ ከወሎ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነው፤ አሶሳ ተወልዶ አሶሳ አድጎ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ወሎ ነው። ክርስቲያን ስለሆነ ዳክዬ አይበላም፣ አይነካምም፤ በረዶ ሳጥኑን እንኳ ኩስ ከገባበት በኋላ በጓንት ነው የሚያነሳው።

ማንጎው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ከኔ ጋር አጎቴ በበርታኛ ነው የሚያወራው፤ እንግዳ ካለ ግን እንግዳው እንዲሰማ ብሎ ወደ አማርኛ ይዞራል። በአማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ ተቀይሞት የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉንም ነገር አስረዳሁ። ዳክዬዋን እንደማንገድል፣ ኩሱን ብቻ እንደምናነሳ፣ ለዶሮዎቻቸውም የሚጠቅም መሆኑን። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ኩስ ውሰድ፣ ኩስ ችግር የለም» አለ። «ግን በሽታ አገኘህ እንበል። ስሙ ማን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ደረቴን ነፍቼ «በመንደሩ ስም ነዋ!» አልኩ። ዓለም ሁሉ በሚያየው ዝርዝር ውስጥ የመንደራችን ስም ከግብፅና ከሆንግ ኮንግ እኩል ይሰለፋል ብዬ አከልኩበት። ጭብጨባ የጠበቅሁ ይመስለኛል። ባምባሲ ገበያ ዶሮ የምትሸጥ አንዲት ዘመዳችን «ያ አላህ» ብላ አፏን ያዘች።

«ስም ለልጅ ነው የሚወጣ» አለ አጎቴ። «በሰባት ቀን፣ ቁርኣን ይቀራል፣ በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። ለበሽታ ስም አንሰጥም። ነገ ባምባሲ ነጋዴ ይመጣል፣ ዶሮ ያነሳል። 'ከየት ነው?' ይላል። የኛን ስም ይሰማል። ዶሮውን ቁጭ ያደርጋል፣ ይሄዳል። እነዚህ ሴቶች ምን ይበላሉ?»

ቫይረሱ የዳክዬ እንጂ የዶሮ እንዳልሆነ፣ ቢገኝም አብዛኛው ጉዳት የሌለው እንደሆነ፣ ነጋዴ ደግሞ የሳይንስ ዝርዝር እንደማያነብ ተናገርኩ። ድምፄም ከፍ እያለ መጣ፤ ስናደድ ድምፄን መያዝ አልችልም። እሱ ድምፁን አልቀየረም።

«አንተ መሀል አገር ስትማር» አለኝ፣ «ሰው ከየት ነህ ሲል ማን አልክ?»

«ምዕራብ» ማለቴን ከሥልጠናው ስመለስ እየሳቅሁ ያጫወትኩት እኔው ነኝ። «የኛ ስም ደክሟል» አለ። «ሬዲዮ ገዳይ ብሎ ጠራው፣ ሟች ብሎ ጠራው። ደግሞ በሽታ ይባል? ወላሂ አይሆንም።» ተነሳ፣ ሰውም ተነሳ።

በረዶው ሳይነካ ተመለስን። ሾፌሩ ሊያስቀኝ ፈልጎ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። «ላሟ ውላበት፣ አድራበት፣ ኩበቱን ሲከለክሉ ግን ያየሁት ዛሬ ነው። አብሽሪ፣ በኔ ስም ይጠሩት፤ እኔ ለገበያ የማወጣው ዶሮ የለኝም።» አልሳቅኩለትም። አጎቴ ላይ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ያናደደኝ ግን እውነቱን መናገሩ ነበር።

ረግረጉ ሰፊ ነው፤ ሌላ ዳር መውረድ ይቻል ነበር። ሳይነግሩ በማለዳ ገብቶ መውጣትም ይቻላል፤ ቢሮ ውስጥ እንዲያ ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። እናቴ የተቀበረችበት መንደር ነው፤ እንደ ሌባ አልገባበትም። ግን ቀኑ እየሄደ ነበር። ውሃው ሲያጥር እንግዶቹ ዳክዬዎች ወደ ሰሜን ይመለሳሉ፣ ያኔ የዓመቱ ነገር አበቃ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ባዶ ቦታም ባዶ ሆኖ ይቀጥላል። ለዘመዶቼ ደወልኩ፣ ሰው ላክሁ። መልሱ አንድ ነበር፤ «አጎትሽ እያሰበ ነው።»

አንድ ቀን የላቦራቶሪው ዘበኛ እየሳቀ ጠራኝ። በር ላይ አጎቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ አንጠልጥሎ ቆሟል። ዘበኛው ለሕክምና የመጣ ዶሮ መስሎት መዝገብ ቤት ሊልከው ኖሯል። አጎቴ ዶሮውን ሰጠኝ።

«የኛ ዶሮ ነው። በሽታ አለው?» አለኝ በአማርኛ፣ ዘበኛው እንዲሰማ።

አገላብጬ አየሁት። ዓይኑ የጠራ፣ የአናቱ ጉትዬ ቀይ፣ ላባው የሚያምር ነው። «የለውም» አልኩ።

«ትበላዋለህ?»

«ዛሬ ማታ።»

«እንግዲያው እሺ» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ለካ የመጣው ሊፈትነኝ ነው። እኔ የሥራው ባለቤት የመንደሩን ዶሮ ለመብላት አንዴ ባመነታ ኖሮ ዶሮውን ይዞ ተመልሶ ይሄድ ነበር።

ማቀዝቀዣውን አሳየሁት፤ ብርዱ ሲወጣ ወደ ኋላ አለና «ዱንያ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ አለ?» አለ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ወሰድኩት፤ ሊያይ የመጣው እሱን ነበር። ዝርዝሩን ከፈትኩና የቦታዎቹን ስም እያነበብኩ በጣቴ አሳየሁት። አሁን እኛ ብቻ ስለሆንን በበርታኛ ነበር የምናወራው።

«እነዚህ ሁሉ በሽታ ያለባቸው አገሮች ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም። ያዩ አገሮች ናቸው። ዳክዬዋ ትናንት ግብፅ ነበረች፣ ዛሬ እኛ ጋ ናት። የያዘችው ያው ነው። እነሱ አዩ፣ ጻፉ። እኛ አላየንም፤ ስለዚህ የለንም።»

ስክሪኑን ተመለከተ። «ኔዘርላንድ ዶሮ ይሸጣሉ?» አለ።

«ለዓለም ሁሉ ይሸጣሉ።»

«ስማቸውን ደግመሽ አሳዪኝ።» ወደ ታች ወረድኩ፤ ኔዘርላንድ፣ ኔዘርላንድ፣ ኔዘርላንድ፣ ገጹ አያልቅም። አጎቴ መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ ትከሻው ነው የሚንቀጠቀጠው። «እነዚህ ሰዎች አያፍሩም!» አለ። ንቀት አልነበረበትም፤ እንደ መቅናት ያለ ነገር ነበረበት፤ ያን ቅናት አውቀዋለሁ።

ሻይ አስመጣሁለት። ስኳሩን እያማሰለ፣ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ አድርጎ «ስመጣ መኪናው ላይ አንድ ነጋዴ ከየት ነህ አለኝ» አለ። «ባምባሲ አልኩት። መንደሬን ሳልጠራ ስንት ዓመቴ። አንቺን ያን ቀን በሰው ፊት ተቆጣሁ እንጂ እኔም ያው ነኝ።» አጎቴ ይህን ሲል የት እንደምገባ ጠፋኝ። ይህ ሰው በኔ ዓይን መንደሩ ራሱ ነው፤ እሱ ከተደበቀ ማን ይቀራል ብዬ አዘንኩ፣ እንባዬም መጣ። እሱ ግን ማልቀሴን አልወደደም፤ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባ።

«የመንደሩ ስም አይጻፍ» አለ። «ትንሽ ስም ነው፣ አንድ ነጋዴ ይሰብረዋል። የውሃውን ስም ጻፊ። ዳቡስ ትልቅ ነው፣ ብዙ ተሸክሟል፣ ይህንንም ይሸከማል። ደግሞ ውሃ ዶሮ አይሸጥም፣ ገበያ አይወጣም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ወረቀት ላይ ውሃው። በአፍሽ የፈለግሽውን ጥሪ።» ቃል ገባሁለት። በዚህ ጽሑፍ ላይ የመንደሩን ስም ያላነሳሁት ለዚያ ነው፤ ይህም ወረቀት ነው።

ዶሮውን ማታ በላነው፤ እሱ ራሱ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። በማግሥቱ አብረን ወደ መንደሩ ሄድን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጧት እስክሞት አልረሳውም። ዳክዬዎቹ ባንድ ላይ ሲነሱ ደለሉ የተነሳ ይመስል ነበር። አጎቴ ውሾቹ እንዳይወርዱ እርሻው ጫፍ ላይ በትሩን ይዞ ቆመ። ዶሮ ሻጯ ዘመዳችን ከሌሎች ሴቶች ጋር ከኋላው ሆና፣ እኔ ባጎነበስኩ ቁጥር በበርታኛ «እዚያ ጋ! ከግራሽ!» ትላለች፤ ደረቁን ሳልፈው ደግሞ ትበሳጫለች። ዲግሪዬን ስቀበል ወላጅ አልመጣልኝም ነበር፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ያን ቀን ግን ዘመዶቼ ሁሉ ሥራዬን ቆመው አዩልኝ። ሳጥኑ ሞላ፤ ሾፌሩ ጓንቱን አድርጎ ተቀበለኝና «የዛሬውስ ላሟ ውላበታለች» አለ። ያን ጊዜ ሳቅሁለት።

ናሙናው መሀል አገር ሄደ። እንግዶቹ ዳክዬዎች ተመለሱ፣ ሣሩ ተቃጠለ፣ ማንጎው በሰለ። ከዚያ ባለሙያዋ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። ቫይረሱ ተገኝቷል፤ ለዶሮ አደገኛ ከሚባለው ወገን አይደለም። ዘሩን አንብባዋለች፤ ከስምንቱ ቁራጮች ከፊሎቹ ዓባይ ባሕር ከሚገባበት ከግብፅ ከተነሱት ጋር ይቀራረባሉ፣ የቀሩት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ሐይቆች ዳክዬዎች ጋር። እንግዳውና ባለአገሩ እኛ ደለል ላይ አድረው ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል አለችኝ። «እንዲህ ያለ ስብጥር እኔ እስካሁን አላየሁም» አለች። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ስሙን ላከችልኝ። ዓይነቱ አለ፣ የዱር ዳክዬ ይላል፣ ቦታው ላይ ግን የተጻፈው የማዕከሉ ከተማ ነው። ላቦራቶሪው ያለበት፣ የኔ ዳክዬ ረግጣው የማታውቀው ከተማ። ደወልኩ። ሲስተሙ መረጃውን ያስገባውን ላቦራቶሪ አድራሻ ራሱ ይሞላል አለችኝ፤ ለማስተካከል መመለስ፣ ማስፈቀድ፣ ብዙ ጣጣ አለው፤ «ያው አንድ አገር አይደለን?» አለች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ለእሷ አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኳት ሁሉን አላስታውስም፤ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው!» ማለቴን አስታውሳለሁ። አስብበታለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ለአጎቴ መንገር ነበረብኝ። መንደር ሄጄ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ለነገሩ ስማችን ከበሽታ ጋር አልተጻፈም፣ የፈለገው ይህንኑ ነበር። የሚጠጣውን ውሃ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የትኛው ከተማ?» አለ። ነገርኩት። «ያ ከተማ ረግረግ አለው?»

«የለውም።»

«ደውዪላት።»

ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። እንደ ሬዲዮ ፊቱ ላይ አቅርቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ተናገረ። «ልጄ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ የዚህ ልጅ አጎት ነኝ። አንተን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዳክዬ የት አደረ? ዳቡስ አደረ። የት በላ? ዳቡስ በላ። የት አራ? እዚህ፣ ከኛ ማሽላ በታች አራ። አንተ ከተማ መጣ? አልመጣም። እኛ ስም ለመስጠት ስንት ቀን ተጣላን፣ ስንት ቀን አሰብን፣ ከዚያ ሰጠን። ሰው የሰጠውን ስም ሌላ ሰው ይወስዳል?»

ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ቆመዋል። ከዚያ የባለሙያዋን ድምፅ ሰማሁ። «አይወስድም፣ አባቴ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ዳቡስ ብለህ ጻፍ» አለና ስልኩን መለሰልኝ። ያን ሰው በዚያች ቀን አንስቼ ብሸከመው ደስ ባለኝ። ለበሽታ ስም አንሰጥም ያለው እሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስማችንን መልሱ ብሎ የሚሟገተው እሱ ነው። እኔ ጮኼ ያላገኘሁትን እሱ ጠይቆ አገኘው።

በቀጣዩ ዓመት ለስብሰባ መሀል አገር ሄድኩ። ባለሙያዋ መድረክ ላይ ወጥታ ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ አበራች። ግብፅ፣ ኔዘርላንድ፣ ሆንግ ኮንግ፤ ከመካከላቸው ዳቡስ። ፊደሉን ከወንበሬ ሆኜ በግልጽ አነበብኩት። «ይህን ናሙና ያነሳችው እዚህ አለች» ብላ ወደኔ ጠቆመች፤ ተነሳሁ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ዞረው «ዳቡስ የት ነው ልጄ? አገርሽ የት ነው?» አሉኝ።

ምዕራብ አላልኩም። «አሶሳ ነኝ፤ ቤኒሻንጉል» አልኩ። «ዳቡስ የኛ ወንዝ ነው። ናሙናው የተነሳው ከእናቴ መንደር በታች ነው» ብዬ የመንደሩን ስም በሙሉ ድምፅ ጠራሁ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ እንዲሰማ። በአፍሽ የፈለግሽውን ጥሪ ተብዬአለሁ። ራሱን በአዘኔታ የነቀነቀ ሰው ካለ አላየሁትም፤ ብዙዎቹ ይጽፉ ነበር።

ስወጣ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስሙ ግድግዳ ላይ እንደበራ፣ ሰው እንዳየው ነገርኩት።

«ከየት ነሽ አሉሽ?» አለኝ በበርታኛ።

«አሉኝ።»

«ማን አልሽ?»

ያልኩትን ነገርኩት፤ መንደሩንም መጥራቴን። ከኋላው ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ነገ የባምባሲ ገበያ ነው» አለ። «ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ። ዶሮው ከየት ነው ካሏቸው፣ መንደራችንን ጠርተው ከዚያ ነው ይበሉ።»